የጎርፉ ቦይ የማን ነው?



በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያው ገጠር ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘልቃል። ቦይ ሲደፈን ጎርፉ መንገድ አቋርጦ ሰው ቤት ይገባል፤ ማሳ ላይ ሲወርድ ቦረቦር ያወጣል። ያን ጊዜ ጎረቤታሞች ይነታረካሉ። የላይኛው «ውኃው ከደጄ አልፏል፤ ከዚያ ወዲያ አያገባኝም» ይላል። የታችኛው ደግሞ «የእናንተን ጎርፍ ለምን እጠርጋለሁ?» ይላል። ለመሆኑ ሐቁ ከማን ጋር ነው?

አስቀድመን ሰው የሚሻማበትን ውኃ እንመልከት። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ በመዲና ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ) እና አንድ የአንሷር ሰው ተምራቸውን በሚያጠጡበት ቦይ ተጣልተው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ቀረቡ። የዙበይር ማሳ ከላይ ነበርና፣ እርሱ ካጠጣ በኋላ ውኃውን ለጎረቤቱ እንዲለቅ ፈረዱ። ከላይ መሆን ቅድሚያ ያስገኛል፤ የታችኛውን ሐቅ ግን አያስቀርም።

ሁሉም የሚሸሸው ውኃስ? የሐነፊ መዝሀብ ዑለማዎች ይህንንም ለይተው ተናግረዋል። በኦቶማኖች ዘመን ከ1869 እስከ 1876 እ.ኤ.አ የተዘጋጀው «መጀለ» የተባለው የሕግ መድብልም ተቀብሎታል። የጋራ የመስኖ ቦይ ጠረጋ ከላይ ይጀመራል፤ ቦዩ ማሳውን ያለፈለት ሰው ከወጪው ነፃ ይሆናል፤ የታችኛው ክፍል አይጠቅመውምና። የፍሳሽ ቦይ ግን ተቃራኒው ነው። ጠረጋው ከታች፣ ከመውጫው ይጀመራል፤ እዚያ ሁሉም ይካፈላል። ሥራው ወደ ላይ ሲወጣ የታችኞቹ እየተቀነሱ ይሄዳሉ፤ እስከ መጨረሻው የሚቆየው የላይኛው ነው። የእርሱ ፍሳሽ በሁሉም ደጅ ያልፋልና።

ስለዚህ «ከደጄ አልፏል» ማለት ምክንያት ሊሆን አይችልም። እንዲያውም ኃላፊነቱን የሚያመጣው ማለፉ ነው።

በእርሻም ያው ነው። የጎጃም ገበሬ ማሳው ውኃ እንዳይቋጥር በሞፈር ፈሰስ ያወጣል። ፈሰሱ ለራሱ ማሳ መድኅን ነው፤ መውጫው በጎረቤት መሬት ላይ ሲሆን ግን ቦረቦር ይከፍታል። እንግዲያው ከአዋሳኝ ጋር ተመካክሮ ፈሰሱን ሣር ወደ ያዘ የጋራ መፋሰሻ መምራት ይገባል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሌላውን መጉዳትንም ሆነ ጉዳትን በጉዳት መመለስን ከልክለዋል። የአገራችን የገጠር መሬት ሕግም ባለይዞታውን መሬቱን እንዲንከባከብ ያስገድደዋል።

የማዘጋጃ ቤቱስ ድርሻ? የሕዝብ የሆነ ወንዝ በበይተል ማል ወጪ እንደሚጠረግ፣ በይተል ማል አቅም ሲያጣ ግን ሕዝቡ እንደሚሠራው ዑለማዎቹ ገልጸዋል። ትልልቁን የአስፋልት ዳር ቦይ ከማዘጋጃ ቤት መጠየቅ መብታችን ነው። በሰፈራችን ቦይ ላይ ግን ፌስታሉን፣ አመዱንና የጫት ገረባውን የምንጥለው እኛው ነን።

ወጣቶች ሆይ! ግንቦት ሳያልቅ፣ አንድ ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም ጎረቤት ጋር ዶማና አካፋ ይዛችሁ ውጡ። ሥራውን ከመውጫው ጀምሩ፤ የላይኛው ሰፈር ልጆች እስከ መጨረሻው ይቆዩ። ከመንገድ ላይ አስቸጋሪ ነገርን ማስወገድ ከኢማን ክፍሎች አንዱ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። የጎረቤትን ቤት ከጎርፍ ማዳንማ እንዴት አይሆንም?

አላህ (ሱ.ወ) ዝናቡን የራሕመት ያድርግልን፤ የጎረቤትን ሐቅ ከሚጠብቁትም ያድርገን። አሚን።