የሰው ወርቅ አያደምቅም፦ ስለ ኃይሌ ገሪማ የፕሮዲዩሰርነት ጉዞ



በእኛ ዘንድ ስለ አንድ የፊልም ሰው ሲነሣ ቀድሞ የሚጠየቀው «ስንት ሽልማት አገኘ?» የሚለው ነው። ስለ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ሲወሳም «ጤዛ» በ2008 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን መቀዳጀቱ፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉው ፌስፓኮ የየኔንጋን የወርቅ ድንጉላ መውሰዱ ይጠቀሳል። ደስ ያሰኛል፤ ያኮራልም። በእኔ እምነት ግን የእኚህ ሰው ትልቁ ሥራ በሽልማት መዝገብ ላይ የሚገኝ አይደለም። ትልቁ ሥራቸው «ፊልሙ የማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ሳይሰለቹ መጠየቃቸውና የመልሱንም ዋጋ ከኪሳቸውም ከዕድሜያቸውም መክፈላቸው ነው።

ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በዳይሬክተርነታቸው ነው። ዳይሬክተር ተዋንያንን ይመራል፣ ትዕይንቱን ይቀርጻል። ገንዘቡን የሚያፈላልገው፣ ውሉን የሚፈርመው፣ ፊልሙ በማን ስም እንደሚመዘገብና በየትኛው በር ወደ ተመልካች እንደሚወጣ የሚወስነው ግን ፕሮዲዩሰሩ ነው። ሥልጣን ያለውም እዚያ ነው። ኃይሌ ገሪማ ይህን ቀድመው ስለ ተረዱ ሁለቱንም ቀንበር በአንድ ትከሻ ተሸከሙ።

በ1946 ጎንደር የተወለዱት ኃይሌ ቲያትርን ያወቁት በቤታቸው ነው፤ አባታቸው ጸሐፌ ተውኔት ነበሩ። በ1967 የቲያትር ትምህርት ለመከታተል ወደ ቺካጎ ሄዱ፤ ጥቂት ቆይተውም በሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተሻግረው ፊልም አጠኑ። በዚያ ከቻርልስ በርኔት፣ ከጁሊ ዳሽና ከሌሎች ጥቁር ተማሪዎች ጋር የነበሩበት ስብስብ በኋላ «የሎስ አንጀለስ ዐመፅ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ከሆሊውድ ደጃፍ ጥቂት ማይል ርቀው፣ የሆሊውድን ደጅ ሳይጠኑ፣ በዩኒቨርሲቲው መሣሪያ አንዱ ለሌላው ካሜራ እየያዘ ፊልም ሠሩ። በዚያ ዘመን የተሠራው «ቡሽ ማማ» ሲከፈት የሚታየው፣ ፖሊሶች የፊልሙን ሠራተኞች አስቁመው ሲፈትሹ የተቀረጸ እውነተኛ ትዕይንት ነው።

በ1974 የዘውዱ ሥርዓት ሲንገዳገድ ወደ አገራቸው ተመልሰው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በጥቁርና ነጭ ቀረጹ። የአንድ ገበሬ ቤተሰብና የባለ መሬቱ ታሪክ ነው። አሮጌው ሥርዓት ሊወድቅ፣ አዲሱ ገና እጁን ሊያጠብቅ ባለበት ጠባብ ጊዜ ውስጥ የተሠራ በመሆኑ፣ ጥቂት ቢዘገይ ኖሮ ፈጽሞ ላይቀረጽ ይችል ነበር።

የባለቤትነቱ ጥያቄ ፍንትው ብሎ የወጣው ግን በ«ሳንኮፋ» ነው። ቃሉ ከጋና የአካን ሕዝብ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን «ተመለስና አምጣው» እንደ ማለት ነው። ስለ ባርነት የሚተርከው ይህ ፊልም ገንዘቡ እስኪሟላ ዓመታት ፈጀ፤ የጋናና የቡርኪና ፋሶ ተቋማት፣ የጀርመን የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያዎችም ተባበሩበት። በ1993 ለበርሊን ፌስቲቫል ውድድር ቀረበ። ይህም ሆኖ በአሜሪካ የሚያከፋፍለው ኩባንያ አልተገኘም። ባሮቹ ራሳቸው ለነፃነታቸው የሚነሡበት ታሪክ ገበያ የለውም ተባለ።

እንግዲህ ሌላ ሰው ቢሆን ፊልሙን ከመደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ያማርር ነበር። ኃይሌና ባለቤታቸው፣ እርሳቸውም የፊልም ሠሪዋ ሽሪኪያና አይና፣ ሲኒማ ቤት ራሳቸው ተከራዩ። ቤተ ክርስቲያኑን፣ ማኅበሩን፣ ተማሪውን አስተባብረው ፊልሙን ከከተማ ወደ ከተማ አዞሩት፤ ሕዝቡም ተሰልፎ ገባ። ኋላም በዋሽንግተን ዲሲ፣ ጆርጂያ ጎዳና ላይ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት «ሳንኮፋ» የተባለውን የቪዲዮና የመጻሕፍት መደብር ከፈቱ። ገበያ የለውም የተባለ ፊልም የራሱን ገበያ ፈጠረ። በ2021 ፊልሙ ታድሶ በኔትፍሊክስ ሲቀርብ ከተሠራ 28 ዓመት ሆኖት ነበር።

«የሰው ወርቅ አያደምቅም» ይላሉ አበው። በሰው ገንዘብ፣ በሰው ውል፣ በሰው ስም የተመዘገበ ታሪክ የኛን ፊት ቢያሳይም የኛ አይደለም። የከፈለ ያዝዛልና። ከፋዩ የሆሊውድ ኩባንያም ይሁን የመንግሥት ቴሌቪዥን ወይም የቢራ ስፖንሰር፣ ትዕዛዙ ይለያይ እንደሆነ እንጂ ማዘዙ አይቀርም። የተማረው ትውልድ እርስ በርሱ የተበላላበትን ዘመን ያለ ርኅራኄ የሚያሳየውን «ጤዛ»ን የትኛው አዛዥ በፈቃዱ ያሠራ ነበር?

እርግጥ ነው፣ ነገሩ ሌላ ገጽ አለው፤ መሸሸግም አይገባም። ከ«ሳንኮፋ» እስከ «ጤዛ» 15 ዓመት አለ። በመካከሉ ዘጋቢ ፊልሞች ቢሠሩም («አድዋ» በ1999 የወጣ ነው)፣ ስንት ልብ ወለድ ፊልም ሳይሠራ እንደቀረ ማን ይቆጥራል? «ጤዛ» ራሱ ከውጥኑ እስከ ፍጻሜው 14 ዓመት ያህል ወስዷል። እምቢተኝነት ክብር ቢኖረውም ዕድሜ ይበላል። ከዚህም በላይ ኃይሌ ከ1975 ጀምሮ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ስለ ነበር ለዕለት ጉርሳቸው ሲሉ ፊልማቸውን ለመሸጥ አልተገደዱም። ደመወዝ የሌለው የአዲስ አበባ ወጣት ፕሮዲዩሰር ቤት ኪራይ እየጠበቀው «እንደ ኃይሌ ጽና» ቢባል ምክር ሳይሆን ስላቅ ነው።

ስለዚህ ከዚህ ሕይወት ልንማር የሚገባን ግትርነትን ብቻ አይደለም። ግትርነትን የሚያስችለውን መሠረት ነው። ለኃይሌ ዩኒቨርሲቲው፣ የራሳቸው የማከፋፈያ ድርጅት፣ የመጻሕፍት መደብሩና ትኬት የሚገዛው ሕዝብ ያን መሠረት ሆኗቸዋል። በአገር ቤትስ? ቴዎድሮስ ተሾመ ሴባስቶፖል ሲኒማን ማቋቋሙ የዚሁ ማስተዋል ፍሬ ይመስለኛል። በሕግም በኩል በ2004 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ አለ። ጎደሎው ያለው በልማዳችን ነው፤ ውል ሳይፈራረሙ በመተማመን ብቻ ሥራ ይጀመራል፣ ፊልሙ በጥድፊያ ይሸጣል፣ ከዚያም ዩቲዩብ ላይ በሌላ ሰው ስም ተጭኖ ሲገኝ ለቅሶ ይሆናል።

በውጭ ያለነውም ከተጠያቂነት አናመልጥም። ለፖለቲካ ስብሰባ አዳራሽ መከራየት፣ ለበዓል ዝግጅት ገንዘብ ማዋጣት እናውቅበታለን። ለአንድ ፊልም አዳራሽ ተከራይቶ፣ ትኬት ሸጦ፣ ገቢውን ለባለቤቱ ማስረከብ ከዚያ የሚከብድ አይደለም። የ«ሳንኮፋ»ን አዳራሽ የሞላው ሕዝብ ሀብታም ስለ ነበረ አልሞላውም፤ ታሪኩ የራሱ መሆኑን ስላወቀ ነው።

ይህን ሳናደርግ «ታሪካችንን ሌሎች አበላሹት» ማለት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆንብናል። ላሚቱን ወደ በረታችን ማስገባት ያለብን እኛው ነን። ሽልማት ሲመጣ ማጨብጨብ ይቀላል፤ ከሽልማቱ በፊት በነበሩት 14 ዓመታት የት ነበርን ብሎ ራስን መጠየቅ ግን ይከብዳል። ቀጣዩ ኃይሌ ዛሬ በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ድርሰቱን ታቅፎ ደጅ ከመጥናት በቀር ሌላ መንገድ አልታየው ይሆናል። ያን ደጅ የራሳችን ማድረግ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።