«ወረደ» ካሉ «ወደ ታች» ለምን?

«እንግሊዝኛችን በትርፍ ቃል የሚያብጠው በአማርኛ ስለምናስብ ነው» የሚሉ አሉ። ኧረ እባካችሁ! ከጣርማ በር ቁልቁል ወደ ይፋት ቆላ የተጓዘ ሰው «ሸዋ ሮቢት ወረድሁ» ይላል፤ አለቀ። አቅጣጫው ግሱ ውስጥ አለ። ወጣ፣ ወረደ፣ ገባ፣ ተመለሰ፤ አማርኛ እንዲህ ቆጣቢ ነው። ታዲያ «ዲሴንድ ዳውን» ከየት መጣ?

ከራሱ ከእንግሊዝኛ። ነባሮቹ አጫጭር ግሶች አቅጣጫ ጠቋሚ ይሻሉ፦ «ጎ ዳውን»፣ «ካም ባክ»። ከላቲንና ከፈረንሳይኛ የገቡት «ዲሴንድ» እና «ሪተርን» ግን ስንቃቸውን ይዘው የመጡ ናቸው። እኛ የአንዱን ጭራ በሌላው ላይ ቀጥለን «ሪተርን ባክ» እንላለን። እንግሊዞቹም ቢሆኑ ንጹሕ አይደሉም፤ የሕግ ሰዎቻቸው የአገሩን «ዊል» ከላቲኑ «ቴስታመንት» ጋር አጣምረው አንዱን ኑዛዜ እስከ ዛሬ ሁለቴ ይጠሩታል። (ከሸዋ ሮቢት በደሴው መንገድ ሽቅብ ቢዘልቁ የሚገኘው የወሎው ሐይቅስ? በእንግሊዝኛ «ሌክ ሐይቅ» ተብሏል። ሐይቅ ሐይቅ!)

ጥፋቱ የአፍ መፍቻ ቋንቋችን ሳይሆን የገጽ ቆጠራው ነው። «ኢን ማይ ኦውን ፐርሰናል ኦፒኒየን» ብሎ የሚጀምር ተማሪ ሞኝ እንዳይመስላችሁ፤ ማርክ ፍለጋ ላይ ነው። ከቆላ የመጣው ልጅ የሁለት ገጽ ሐሳብ በሁለት ገጽ ሲጽፍ «እንግሊዝኛ አጥሮት ነው» ይባላል፤ ያንኑ በአምስት ገጽ የነፋው «ጎበዝ» ይሰኛል። በሸዋ ሮቢት ገበያ ሽንኩርት ከነአፈሩ ቢመዘን ገዢው ዝም ይላል እንዴ?

እንግዲህ መምህራኖቻችን «ከአምስት ገጽ ያላነሰ» የምትለዋን ትእዛዝ ከጥያቄው ላይ ይሰርዙልንና እንተያይ።