እሳት ሳይነሣ የሚጻፍ ደብዳቤ

ባለፈው ዐቢይ ጾም በሜሪላንድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ተቀምጠን ሳለ፥ የልጅ ልጅ ያሳደጉ አንዲት እናት ወደ እኔ ቀርበው፤ «ልጄ፥ በውጭ አገር ጦርነት እንዳይነሣ የሚውል ገንዘብ እንዲመደብ ለአሜሪካ ምክር ቤት ጻፉ ይሉናል። እኔ ዜግነት አልወሰድሁም፤ እንግሊዝኛዬም የገበያ ነው፤ የእኔን ወረቀት ማን ያነበዋል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው የብዙ ቤተሰቦች ጥያቄ በመሆኑ፥ መልሱን በዚህ ወር ገጻችን ላቀርብ ወደድሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እኛ አቤቱታን የምናውቀው በደጅ ጥናት ነው። አባቶቻችን ስንቅ ቋጥረው ከባለሥልጣን ደጅ ይውላሉ፤ ወሩ ይሞላል፥ ስንቁም ያልቃል። በአሜሪካ ግን ለመንግሥት አቤት የማለት መብት በ1791 በሕገ መንግሥቱ ላይ በተጨመረው የመጀመሪያው ማሻሻያ የጸና ነው። በሕግ መምሪያው ምክር ቤት ካሉት 435 እንደራሴዎች እያንዳንዱ የሚወክለው በወረዳው የሚኖረውን ሕዝብ ሁሉ እንጂ ድምፅ የሰጠውን ብቻ አይደለም። እንግዲህ እኚህ እናት አንድ እንደራሴና ሁለት ሴናተሮች አሏቸው። (ይህን ስነግራቸው «ሦስት ሎሌ አለኝ በለኛ!» ብለው ሳቁ። በዋሽንግተን ከተማ የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ሴናተር የላቸውም፤ ያላቸው በምክር ቤቱ ጉባኤ ድምፅ የማይሰጥ አንድ ተወካይ ብቻ ነው።)

ገንዘቡ ምን ይሠራል? ጦርነት ከተነሣ በኋላ ለስደተኛው ስንዴና ድንኳን የሚገዛበት ሌላ ነው፤ ይህኛው ጠብ ገና ሲያጉረመርም ለሽማግሌ መቀመጫ የሚሆን ነው። ጎረቤታችንን ኬንያን እንመልከት። ከ2007 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ በተነሣው ሁከት ከ1,000 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በመቶ ሺህ የሚቈጠሩም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ኮፊ አናን የመሩት የሽማግሌዎች ቡድን ተቀናቃኞቹን አቀራርቦ በ2008 ፌብሩዋሪ 28 ቀን አስማማቸው። ከ2013ቱ ምርጫ በፊት ግን በየአውራጃው የሰላም ሸንጎ ተቋቁሞ፥ ጠብ ሲሸት በስልክ መልእክት የሚነገርበት ዘዴ ተዘርግቶ ነበር፤ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ከረዱት መንግሥታት አንዱ አሜሪካ ነበረ። ያን ጊዜም በውጤቱ ክርክር ተነሣ፤ ዳሩ ግን የተፈጸመው በጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። የዓለም ባንክና የተባበሩት መንግሥታት በ2018 ባወጡት ጥናት፥ ግጭትን አስቀድሞ መከላከል በዓመት ከ5 እስከ 70 ቢሊዮን ዶላር ሊያድን እንደሚችል ገምተዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሕግ ከወጣ ገንዘቡ ተሰጠ ብሎ በማሰቡ ነው። በ2019 ዲሴምበር ወር የወጣው ደካማ አገሮችን የሚመለከተው ሕግ ለ5 ዓመት በየዓመቱ 200 ሚሊዮን ዶላር ግጭትን ለመከላከልና ለማረጋጋት እንዲመደብ ፈቀደ። መፍቀድ ግን መስጠት አይደለም፤ ለ2021 የበጀት ዓመት የተሰጠው ከዚያ ግማሹ፥ 100 ሚሊዮን ነበር። ላልታሰበ ቀውስ ፈጥኖ እንዲደርስ በ2010 የተቋቋመው ሌላው ገንዘብ ደግሞ በ2025 ጁላይ ወር የተሰጠው ከተነጠቀባቸው አንዱ ሆነ። ስለዚህ ነገሩ በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚለመን ነው። የበጀት ዓመቱ ኦክቶበር 1 ቀን ቢጀምርም፥ እንደራሴዎች ምኞታቸውን ለበጀት ኮሚቴው የሚያቀርቡት ብዙውን ጊዜ በማርችና በኤፕሪል፥ ማለት እኛ በምንጾምበት ወራት ነው። በመስከረም የሚደርስ ደብዳቤ ድግሱ ካለቀ በኋላ እንደሚመጣ እንግዳ ነው።

አጻጻፉ ቀላል ነው። አንድ ገጽ ይበቃል፤ አድራሻና የፖስታ ቍጥር አይቅር፥ የወረዳው ነዋሪ መሆንዎ የሚታወቀው በእርሱ ነውና። የሚለምኑትም አንድ ነገር ይሁን። ተገልብጦ የመጣ ደብዳቤ ይቈጠራል እንጂ አይመረመርም፤ ጦርነት ከቤትዎ ምን እንደ ወሰደ በሁለት መስመር ቢጽፉ ይሻላል። ከ2001 ወዲህ ወደ ዋሽንግተን የሚላክ ፖስታ ለጥንቃቄ ስለሚፈተሽ ይዘገያል፤ በስልክ፥ በኢሜይል፥ ወይም በአቅራቢያ ባለው የእንደራሴው ጽሕፈት ቤት ማድረስ ይመረጣል።

«የባዕድ ገንዘብ ሥውር ዓላማ አለው» የሚሉ አንባብያን አሉ። ጥርጣሬያቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ገንዘቡ በአገሬው ሽማግሌዎች እጅ እንዲሠራበት መጠየቅም በዚያው ደብዳቤ ይቻላል። እኔን ይልቅ የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። መንገዱን እናውቀዋለን፤ ስለ አገራችን የቀረበው ቍጥር 128 ውሳኔ በ2018 ኤፕሪል 10 ቀን በምክር ቤቱ የጸደቀው ከወገኖቻችን ብዙዎች ስለ ጮኹ ነው። ያ ውሳኔ ግን አንድ ሳንቲም አልነበረበትም። በ2020 ኖቬምበር ጦርነቱ በሰሜን ሲነሣም ጻፍን፤ አንዱ ወገን ሌላውን ለመክሰስ፥ ሌላውም አንዱን። እኔም ጽፌአለሁ። የፕሪቶሪያው ስምምነት በ2022 ኖቬምበር 2 ቀን እስኪፈረም ድረስ ያለቀውን ሕዝብ የምናውቀው ነን። ከጦርነቱ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት፥ ነገሩ ሲከር በዓይኔ እያየሁ፥ ሽማግሌ የሚቀመጥበት ገንዘብ ይመደብ ብዬ አንድ መስመር አልጻፍሁም።

እኚያ እናት በአማርኛ ጽፈው የልጅ ልጃቸው ተረጐመችላቸው። ስለ ራሳቸው አገር ብቻ ሳይሆን ስለ ሱዳንም አንድ ቃል ጨመሩ፤ በ1970ዎቹ በገዳሪፍ ተሰደው ሳሉ እንጀራ ያካፈለቻቸው ጎረቤት ነበረቻቸው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስለ ውጭ ጉዳይ በማሰባቸው የሚያመሰግን፥ ገንዘቡን ግን ከቶ የማያነሣ መልስ ደረሳቸው። ወረቀቱን ከመብራት ሒሳቡ ጋር በመሳቢያው አስቀምጠው፤ «የሚቀጥለው ልመና መቼ ነው ያልኸኝ?» ብለው ደወሉልኝ።