ማን ሄዶ ቆጠረው?

«ፕላኔት ስንት ነው?» ሲባል «8» ብሎ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጠው ተማሪ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። መምህሩም ያው ነው። 8 የኛ ፀሐይ ነው እንጂ የዩኒቨርሱ አይደለም ስትለው «ማን ሄዶ ቆጠረው?» ይልሃል። ይቺ ጥያቄ ብልህነት የምትመስል ስንፍና ናት።

እስቲ ወገን፣ አንድ ኩንታል ጤፍ ስንት ፍሬ አለው? ማንም ኩንታሉን አይቆጥርም። አንድ ማንኪያ ቆጥረህ፣ መዝነህ ታባዛለህ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ስንት ሰው ይኖራል ብትባልስ በር እያንኳኳህ ትዞራለህ? የአንዱን ብሎክ ይዘህ በብሎኮቹ ብዛት ታባዛለህ። ትሳሳት ይሆናል፤ ግን ሺውን ሚሊዮን አትልም።

ሰማዩም እንደዚያው ነው። ኬፕለር የሚባለው ቴሌስኮፕ ከ2009 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ሠርቷል። መጀመሪያ 4 ዓመት ያህል አንዲት የሰማይ ቁራጭ ላይ አፍጥጦ 150 ሺህ ገደማ ኮከቦችን ጠበቀ። ፕላኔት ከፊታቸው ስታልፍ ብርሃናቸው በጥቂቱ ይቀንሳል። በዚህ ከ2,600 በላይ ፕላኔት ተረጋገጠ። አነሰ? ምድርን የመሰለች ፕላኔት በኮከቧና በእኛ መሃል የማለፍ ዕድሏ ከ200 አንድ ገደማ እኮ ነው! አንዷን ካየህ ስንቷ አምልጣሃለች? ይሄን አስልተው፣ ሌላም ዘዴ ጨምረው ነው በአማካይ ለአንድ ኮከብ ቢያንስ አንድ ፕላኔት አለ የሚሉት። የኛ ጋላክሲ ከ100 እስከ 400 ቢሊዮን ኮከብ አለው። ጋላክሲዎቹን ራሳቸውን እስከ 2 ትሪሊዮን የሚያደርስ ግምት አለ። ትንሹን ያዝና 100 ቢሊዮንን በ100 ቢሊዮን አባዛ፦ 1 ብለህ 22 ዜሮ።

ቁጥሩን ሸምድዶ የሚፎክረውም ከዚያኛው አይሻልም። ከየት መጣ ሲሉት ዝም። አብዛኞቹ ጋላክሲዎች ከኛው በጣም ያነሱ መሆናቸውን እንኳ አያነሳም።

የሚያናድደኝ ደግሞ ይሄ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮችን ስም አውጡ ሲል፣ ኢትዮጵያ አንድሮሜዳ ውስጥ ያለውን ኮከቧን «ቡና»፣ ፕላኔቱን «አቦል» አለችው። (ቶናና በረካ ገና ናቸው።) ከኛ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፣ ከጁፒተር በብዙ እጥፍ ይከብዳል። እንጦጦ ላይም ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። ቦሌ ካለ ክፍል ግን ስለ አቦል ሰምቶ የሚያውቅ ስንት ተማሪ ታገኛለህ?

መምህራን፣ በሚቀጥለው ፈተና «ስንት ነው?» ብላችሁ አትለፉ። «በምን ትገምታለህ?» በሉት። «የየትኛው ኮከብ?» ብሎ የሚጠይቃችሁን ልጅም ኤክስ አታድርጉበት።