አንገት መድፋትና ቃለ መጠይቅ

«ያደግሁት ካናዳ ነው። አንድ የሕክምና ትምህርት ቤት ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል። አባቴ ‹ከሕፃንነቴ ጀምሮ ወገኔን መርዳት እመኛለሁ በያቸው› ይለኛል። እኔ ግን ትልቅ ሰው ፊት ስቀርብ አንገቴን እደፋለሁ። ስለ ራሴ ማውራትም ጉራ ይመስለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ! ከተጠራሽ ወረቀትሽ ታይቷል ማለት ነው። አሁን የሚታየው አንቺው ነሽ።

የአባትሽን ምክር በክፉ አላየውም። ነገር ግን ያችን አባባል ካንቺ በፊት የገባውም፣ ካንቺ በኋላ የሚገባውም ይላታል። አንቺ በዓይንሽ ያየሽውን ተናገሪ። እናትሽን ሐኪም ቤት ወስደሽ አስተርጉመሽ ታውቂ ይሆን? ሐኪሙ የተናገረው እናትሽ ጆሮ እስኪደርስ ምን ምን እንደሚጎድል አይተሻል። ይህን መናገር ጉራ ሳይሆን ምስክርነት ነው።

አካሄዱንም እወቂ። በካናዳ በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚሠራበት ዘዴ የመጣው ከማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ጥናቱ በ2004 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከአንድ ጠያቂ ወደ ሌላ ጠያቂ ትዞሪያለሽ። ብዙውን ጊዜ ጥያቄውን ለማንበብ 2 ደቂቃ፣ ለመነጋገር 8 ደቂቃ ይሰጣል። አንዱ ጋ ከተበላሸብሽ በቃ፣ እዚያው ትተሽው ሂጂ። ቀጣዩ ጠያቂ የሚያውቀው ነገር የለም።

«የታማሚዋ ልጆች ‹ካንሰር መሆኑን ለእናታችን እንዳትነግሪ› ቢሉሽስ?» ዓይነት ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። እኛ ቤት ክፉ ወሬ ተሸፋፍኖ እንደሚያድር መቼም አይጠፋሽም። ስለዚህ ልጆቹን ለመኮነን አትቸኩዪ፤ ፍርሃታቸውን ስሚ። ሕመሙ ግን የእናትየዋ ነው። «ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብለሽ ራሳቸውን እንደምትጠይቂ ከነምክንያቱ አስረጂ። የሚመዘነው አስተሳሰብሽ እንጂ በቃል የተሸመደደ መልስ አይደለም።

ልምምዱን ሰዓት ይዘሽ፣ ጮክ ብለሽ አድርጊው። አባትሽን ጠያቂ አድርጊያቸው! ዓይን ዓይናቸውን እያየሽ 8 ደቂቃ ካወራሽ ሌላው ሁሉ ይቀልሻል።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ተብለን ነው ያደግነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ግን ዝም ካልሽ ማን ያውቅሻል? የተጠየቁትን በጥሞና ሰምቶ፣ ቀና ብሎ፣ በቅንነት መመለስም እኮ አክብሮት ነው። ነገ የፈራ ታማሚ ፊትሽ ሲቀመጥ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

መልካም ዕድል!