ሰሚ የሌለው ክፍል

ቴሌቪዥኑ ጠየቀ። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ፣ በሳተላይት ተልኮ፣ ከ70 በላይ ተማሪዎች ተጨናንቀው ከተቀመጡበት ክፍላችን ደረሰ። ጥቂት ሰከንድ ጠበቀ፤ ከዚያ «ቬሪ ጉድ!» ብሎ አመሰገነና ወደሚቀጥለው ነጥብ አለፈ። ክፍሉ ውስጥ የመለሰ ማንም አልነበረም። እኔ ጠመኔዬን እንደያዝኩ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። የሒሳብ መምህራቸው ነበርኩ።

ፕላዝማ የሚባለው ይህ የቴሌቪዥን ትምህርት በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ የተቃወመ ሰው ኋላ ቀር ይባል ነበር። እኔም አልተቃወምኩም። የገጠሩ ልጅ ከአዲስ አበባው እኩል፣ በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ ጎበዝ መምህር ይማራል ሲባል ደስ ያላለው መምህር አላውቅም። ሥራ ላይ ሲውል ግን ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 30ውን ያህል ስክሪኑ ወሰደው፤ ለእኔ መግቢያና መውጫው ላይ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ ቀረችኝ። ስርጭቱ በመላ አገሪቱ በአንድ ጊዜ ስለሚተላለፍ ማቆም የለም፣ መድገም የለም። መብራት ከሄደ ትምህርቱም ሄደ፤ በማግስቱ መብራቱ ሲመጣ ስክሪኑ ሌላ ርዕስ ጀምሯል። አንድ ቀን ከደወሉ በፊት በቀረችኝ ደቂቃ «ምኑ አልገባችሁም?» ብዬ ብጠይቅ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ተነሥቶ «ቲቸር፣ ሰውየው ይፈጥናል» አለኝ።

ያ ልጅ የተናገረው ስለ እንግሊዝኛ ብቻ አልነበረም። መምህር የተማሪውን ፊት እያየ ይፈጥናል፣ ይዘገያል፤ ግንባሩን የቋጠረ ሲያይ ይመለሳል፤ አንዱ በስህተት የመለሰውን ይዞ ለሁሉም ያስረዳል። ሙያው እሱ ነው። ስክሪኑ ተማሪውን አያይም፣ አይሰማም፤ ስለዚህ ዝም ያለውንም «ቬሪ ጉድ» ይለዋል። እኔ ደግሞ ማየትና መስማት እየቻልኩ ከፍቼ የምዘጋ ሰው ሆንኩ።

ወር ሲያልቅ ቅጽ እንሞላ ነበር። ስንት ስክሪን ይሠራል፣ ስንቱ ተበላሽቷል፣ ስንት ክፍለ ጊዜ ተላለፈ፣ ስንቱ በመብራት ምክንያት ቀረ። ተማሪዎቹ ምን ያህል ገባቸው የሚል ዓምድ አልነበረውም። ስክሪኖቹ እየተበላሹ አንድ በአንድ ዝም ሲሉም፣ ከመምህራኑ ጋር ቁጭ ብሎ «ለመሆኑ ምን አገኘን? ምንስ አጣን?» ያለን አንድም ሰው አልመጣም። የማልረሳው ቂሜ ይሄ ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ፣ ያ ሁሉ የልጅ ዕድሜ አልፎ ሒሳቡ ሳይተሳሰብ ተዘጋ።

ዛሬ ያንኑ መንገድ በሌላ ስም እየሄድንበት ነው። ሰኔ 2012 ዓ.ም. «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ጸደቀ፤ ትምህርት ሚኒስቴርም የራሱን የዲጂታል ትምህርት ስትራቴጂ አዘጋጀ። በየስብሰባው የሚሰማው ስማርት ክፍል፣ ታብሌት፣ ኢ-ለርኒንግ ነው። ሰነዶቹ ስለ መምህራን ሥልጠና አይናገሩም አልልም፣ ይናገራሉ። እኔ የምሞግተው ከሰነዶቹ በታች ያለውን እምነት ነው፤ የትምህርታችን ችግር የመሣሪያ እጥረት ነው፣ መሣሪያው ሲገባ ትምህርቱ ይከተላል የሚለውን። በዚህ እምነት ስኬት ማለት የገባው ዕቃ ቁጥር ነው፤ ሪፖርቱም፣ ምረቃውም፣ የቴሌቪዥን ዜናውም ካርቶን ሲቆጥር ይውላል።

ችግሩ የት እንዳለ ግን ከተነገረን ቆይቷል። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች ልጆችን አንድ በአንድ እያስነበበ የመዘነ ጥናት ተደርጎ ነበር። በሲዳማ ከተመዘኑት የ2ኛ ክፍል ልጆች ከ3ቱ 2ቱ ያህል በገዛ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ሌላውም አካባቢ ቢሻል እንጂ የሚያኮራ አልነበረም። የዓለም ባንክ በቅርብ ዓመታት ያወጣው ግምት ደግሞ በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃን ሊጨርሱ ዕድሜያቸው ከደረሰ ልጆች 90 በመቶው ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት እንደማይችሉ ይናገራል።

በ2003 ዓ.ም. 1ኛ ክፍል የገባ ልጅ ሳይደግም ከዘለቀ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ የሆነው በ2014 የትምህርት ዘመን ነው። ከዚያ ዓመት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፤ በዚያው ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከፍ ብሏል፣ በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ። ይህን ውጤት ሰምተን የ12ኛ ክፍል መምህሩን፣ ተማሪውን፣ ፈተናውን ወቀስን። ልጁ የወደቀው ግን ያኔ አልነበረም። የወደቀው 2ኛ ክፍል ሳለ፣ ማንበብ እንዳልቻለ ማንም ሳይሰማው ወደ 3ኛ ክፍል ሲዛወር ነው።

ፈተናው በኮምፒውተር መሰጠት መጀመሩን እንደ ትምህርት ዲጂታላይዜሽን የሚቆጥሩ አሉ። በ2008 ዓ.ም. ፈተና ወጥቶ ሲሰረዝ የደረሰውን ድንጋጤ ለሚያስታውስ ሰው ስርቆትን መከላከሉ ትልቅ ነገር ነው፤ ይደገፋል። ነገር ግን ሚዛኑን ማስተካከል እህሉን አያበዛም።

የኔታ ፊት ፊደል የቆጠረ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። ልጁ ስንደዶውን ፊደሉ ላይ አድርጎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ የኔታ ይሰማሉ። ሲሳሳት ያርሙታል፣ ካልያዘው ነገም ያንኑ ያነባል፤ ያልዘለቀውን ዘለቀ የሚለው የለም። አለንጋውንና ቁንጥጫውን አልናፍቅም፤ በቃል መሸምደድ ብቻውን ትምህርት ነው ብዬም አልከራከርም። የምለው እያንዳንዱ ልጅ በየቀኑ የሚሰማው ሰው ነበረው ነው። ዛሬ 70 ልጅ ባለበት 1ኛ ክፍል አንድ ልጅ ብቻውን፣ ለመምህሩ ጆሮ፣ ድምፁን አውጥቶ ሳያነብ ወር ያልፈዋል። ቴክኖሎጂ መጠየቅ ያለበት ይህን ጉድለት መሙላት ይችል እንደሆነ ነው።

ልጆቹን ለመሣሪያው ብቻ መተው ምን እንደሚመስልም አይተናል። በ2000 ዓ.ም. ገደማ አረንጓዴና ነጭ ትንንሽ ላፕቶፖች በሺዎች ተከፋፈሉ። ልጆቹ ወደዷቸው፤ መምህራኑ ግን ከትምህርታቸው ጋር የሚያገናኙበትን መንገድ ስላላገኙ ክፍል ውስጥ አስዘጓቸው። ከጥቂት ዓመት በኋላ የዚሁ ሐሳብ አባት ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ትምህርት ቤት በሌለባቸው በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ መንደሮች ለ20፣ 20 ያህል ልጆች ታብሌት ያለ መምህር ሰጠ። በ2005 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ልጆቹ በቀን 47 አፕሊኬሽን ከፈቱ፣ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ዘመሩ፣ በአምስት ወር የተቆለፈውን ካሜራ ከፈቱት የሚል ዜና ዓለምን ዞረ። በልጆቹ ንቃት እኔም ኮርቻለሁ። ግን ከንባብ ጋር የሚገናኘው የትኛው ነው? የአገራችን ልጅ ብልህ መሆኑን ለማወቅ ታብሌት አያስፈልገንም ነበር፤ ማንበብ ይችል ዘንድ ግን መምህር ያስፈልገዋል።

በላፕቶፕ እደላው ፔሩ ከሁሉም በላይ ገፍታለች። ከ800 ሺህ በላይ ላፕቶፕ ገዝታ አከፋፈለች። የአሜሪካ አህጉር ልማት ባንክ አጥኚዎች በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች ከ15 ወር በኋላ ሲመዝኑ በሒሳብም በቋንቋም ለውጥ አላገኙም። ላፕቶፑ ደርሷል፣ ልጆቹም ከፍተውታል። ክፍል ውስጥ ያለው የማስተማር ሥራ ግን እንደነበረ ነበር።

ለእኔ ትልቁ ትምህርት ያለው ግን ጎረቤታችን ኬንያ ዘንድ ነው፣ መሣሪያውን ለልጁ መስጠትንም መምህሩን መደገፍንም በአንድ ጊዜ ሞክራለችና። በ2013 እ.ኤ.አ. ምርጫ የጁቢሊ ጥምረት ለእያንዳንዱ 1ኛ ክፍል ልጅ ላፕቶፕ ቃል ገባ፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መሣሪያ፣ አብዛኛው ታብሌት፣ ለትምህርት ቤቶች ተከፋፈለ፤ ብዙው ስቶር ተቆልፎበት እንደከረመ የራሷ ጋዜጦች ጻፉ። በዚያው ወቅት ደግሞ «ቱሶሜ»፣ በስዋሂሊ «እናንብብ» ማለት ነው፣ የተባለ ሥራ ተጀመረ። መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ልጅ መጽሐፍ ሰጡ። ለመምህሩ ዕለት በዕለት የሚከተለው መምሪያ ሰጡ። ታብሌቱን የሰጡት በየትምህርት ቤቱ ለሚዞረው ባለሙያ ነው። እሱ ክፍል ገብቶ ከኋላ ይቀመጣል፣ ትምህርቱን ይከታተላል፣ ጥቂት ልጆችን ያስነብባል፣ ውጤቱን ታብሌቱ ላይ ይመዘግባል፤ ከዚያ ከመምህሩ ጋር ቁጭ ብለው ይመካከራሉ። የልጆቹ ንባብ በሚታይ ሁኔታ ተሻሻለ። ታብሌቱ ያው ታብሌት ነው፤ በአንደኛው መንገድ ለልጁ ተገዝቶ ብዙው ስቶር ቀረ፣ በሁለተኛው መምህሩን የሚደግፈው ሰው እጅ ገባ።

እኛ ዘንድ ያ ሰው አለ። የጉድኝት ማዕከል ሱፐርቫይዘር ይባላል። በእግሩ፣ ቢቀናው በሞተር፣ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይዞራል፤ ብዙውን ጊዜ ግን የሚሰበስበው ልጆቹ ማንበባቸውን ሳይሆን የሪፖርት ቁጥር ነው። ስለ ዲጂታል ትምህርት በተካፈልኩባቸው ስብሰባዎች የዚህን ሰው ስም ያነሣ አልሰማሁም።

«ዓለም ጥሎን ይሄዳል» የሚለው ሙግት ከባድ ነው፤ በዋዛ አላልፈውም። ልጆቻችን ከኮምፒውተር ጋር ሳይተዋወቁ መቅረት የለባቸውም። አሲድና ቤዝ ሲገናኙ አይቶ ለማያውቅ የገጠር ተማሪ የተቀረጸ ሙከራ ማሳየት፣ ለዓይነ ስውር ተማሪ መጽሐፍን በድምፅ ማድረስ፣ ጦርነት ትምህርት ቤቱን ለዘጋበት ልጅ በሬዲዮ ማስተማር፣ ይህን ሁሉ እፈልጋለሁ፤ በክልሎቻችን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ በሆኑበት በዚህ ጊዜ ደግሞ ይበልጥ እፈልጋለሁ። ቢሆንም ከሄደው ዓለም ተመልሶ የሚመጣም አለ። ስዊድን በ2023 እ.ኤ.አ. ለታተመ የመማሪያ መጽሐፍ መግዣ 685 ሚሊዮን ክሮና የመደበችው ታዳጊዎቿ በስክሪን አብዝተው መማራቸው ንባባቸውን ጎድቷል ብላ ስለሰጋች ነው። እነሱ ከሞላ ቤት ተነሥተው ነው የሚያርሙት። እኛ መጽሐፉ ገና ሳይደርሰን ወደ ስክሪኑ ስንሮጥ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆንብናል።

መጽሐፍ ካልኩ አይቀር፣ በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር በብዙ ትምህርት ቤት መጽሐፉ ሳይታተም ትምህርቱ ቀደመ። ሶፍት ኮፒው በቴሌግራም ተለቀቀ፣ «ከስልክ ላይ ተማሩ» ተባለ። ስልክ ያለው ወላጅ ስልኩን ሰጠ፤ የሌለው የሰው ለመነ። የጎረቤቴ ልጅ ያኔ 3ኛ ክፍል ነበረች፤ እናቷ ማታ ማታ እኔ ጋ ትልካት ነበር። ስታነብ ጣቷን ፊደሉ ላይ ታደርጋለች፣ ጀማሪ ሁሉ እንደሚያደርገው። ጣቷ መስታወቱን ሲነካ ገጹ ይሸሻል፤ ፈልጋ ታገኘዋለች፣ ደግማ ትነካዋለች፣ ደግሞ ይሸሻል። ሁለት ምሽት ካየሁ በኋላ ምንባቡን በእጄ ወረቀት ላይ ገልብጬ ሰጠኋት። ከዚያ ማታ ጀምሮ ጣቷ የሚያርፍበት አገኘች።

ያን ፋይል በቴሌግራም የለቀቁት ሰዎች ክፋት አልነበራቸውም፤ ጨንቋቸው ነው። ግን ፋይል መልቀቅ «መጽሐፍ ተደራሽ ሆነ» ተብሎ ሪፖርት ሲጻፍበት፣ ደመወዙ ወራት የዘገየበት መምህር የዲጂታል ክህሎት ሥልጠና ወስዷል ተብሎ ሲቆጠር፣ አብዛኛው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መብራት ሳይኖረው ስለ ስማርት ክፍል ሲታቀድ፣ ከፕላዝማው ምንም አልተማርንም ማለት ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የሚቀጥለው የታብሌት ጨረታ ከመውጣቱ በፊት በየወረዳው ካሉት ትምህርት ቤቶች ጥቂቱ ተመርጠው፣ የ2ኛ ክፍል ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አንድ ገጽ፣ አንድ በአንድ፣ ድምፃቸውን አውጥተው ለሚሰማቸው ሰው ያንብቡ። ውጤቱ ለመምህራኑና ለወላጆቹ ይነገር። መሣሪያ የሚገዛ ከሆነ መጀመሪያ ለዚያ ሰሚ ይገዛ፤ ከዓመት በኋላም እነዚያው ትምህርት ቤቶች በዚያው መንገድ ይመዘኑ። ወደ ሚኒስቴሩ የሚላከው ቅጽ ላይም «ደረሰ»፣ «ተተከለ»፣ «ሠለጠነ» ከሚሉት ዓምዶች በፊት «ስንት ልጅ አነበበ» የሚል ይግባበት። እኔ ለዓመታት በሞላሁት ቅጽ ላይ ለአንድ ዓምድ የሚሆን ቦታ በቀኝ በኩል ነበረ፤ ባዶውን ነበር የምልከው።