ፍሳሹም መለኪያ ይፈልጋል

መኪና ሊከራዩ የሚመጡ ሰዎች አንድ ጥያቄ አይረሱም፤ «ውሃው ስንት ቀን ያደርሰናል?» የፍሳሹ ታንከር ስንት ቀን ይበቃናል ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ሰው ስለሚገባለት እንጂ ከቤቱ ስለሚወጣው ማሰብ አይወድም። እኔ እንዳየሁት ግን ሽርሽር የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ የውሃው ማለቅ ሳይሆን የፍሳሹ መሙላት ነው። ውሃ ቢያልቅ ከሱቅ ይገዛል፤ ለሞላ ፍሳሽ ግን ባዶ ቦታ የሚሸጥ ሱቅ የለም።

የምሠራው ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ አርቪ በሚያከራይ ግቢ ነው። አርቪ ማለት አልጋው፣ ማዕድ ቤቱ፣ ሻወሩና ሽንት ቤቱ ሁሉ በውስጡ ያለ መኪና ነው። የእኔ ድርሻ ከጉዞ የተመለሰውን መረከብ ነው፤ ፓምፑን፣ ቧንቧውንና ታንከሮቹን እፈትሻለሁ፣ የተበላሸውን እጠግናለሁ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከአሌክሳንድሪያ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግና ከዲሲ የሚመጡ የአገሬ ልጆች ከዓመት ዓመት እየበዙ ነው። አያት፣ እናት፣ አባትና ልጆች፣ አንዳንዴም የክርስትና ልጅ ሳይቀር ተጭነው ወደ ሸናንዶዋ ተራራ ይወጣሉ።

ሸናንዶዋ የተመረጠው በቅርበቱና በውበቱ ነው። በተራራው ጀርባ ላይ የሚሄደው ስካይላይን ድራይቭ የተባለው መንገድ 105 ማይል ይረዝማል። (በመንገዱ ላይ ያለው የሜሪስ ሮክ ዋሻ ቁመት 12 ጫማ ከ8 ኢንች መሆኑን ለሁሉም እናገራለሁ፤ ጣሪያው ላይ ማቀዝቀዣ የተገጠመለት መኪና ይዘው ሳይለኩ መግባት ደግ አይደለም።) በፓርኩ ውስጥ ያሉት ማደሪያ ቦታዎች ግን መኪናውን በቀጥታ ከቧንቧ፣ ከመብራትም ሆነ ከፍሳሽ መስመር ጋር የሚያገናኙበት ነገር የላቸውም። ይዘውት የሄዱት ውሃ ያው ነው፤ የሚያጠራቅሙትም ፍሳሽ እስከ ማፍሰሻ ጣቢያው ድረስ አብሯቸው ይዞራል። ታንከሩ ምን ያህል እንደሞላ ማወቅ ቁም ነገር የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

በመኪናው ሆድ ውስጥ ሦስት ታንከሮች አሉ። አንዱ ንጹሕ ውሃ ይይዛል፣ ሁለተኛው ከሻወርና ከዕቃ ማጠቢያ የሚወርደውን እጣቢ ይቀበላል፣ ሦስተኛው የሽንት ቤቱ ነው። ንጹሑ 40 ጋሎን፣ ማለትም 150 ሊትር ግድም፣ እጣቢው 30 ጋሎን የሆነ መኪና እንውሰድ። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ የሻወር ራስ በደቂቃ ከ2.5 ጋሎን በላይ እንዳያፈስ ሕግ አለ። በዚህ ልክ ከፍቶ የሚታጠብ ሰው 30ውን ጋሎን በ12 ደቂቃ ያወርደዋል። ያን ጊዜ በንጹሑ ታንከር ውስጥ ገና ሩብ ያህል ውሃ አለ፤ እጣቢው ግን ሞልቷል። ውሃው የትም አልሄደም፣ ከአንዱ ታንከር ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ። ክብደቱ ሳይቀር አሁንም መኪናው ላይ ነው።

እጣቢው ሞልቶ ሲተርፍ መውጫው በጣም ዝቅ ያለው ቀዳዳ ነው፤ እሱም የሻወሩ ወለል ነው። አንዲት እናት ልጃቸውን እያጠቡ ሳለ የሰሃን እጣቢ ከሥር ተነሥቶ የልጁ ቁርጭምጭሚት ድረስ ደረሰ። መኪናውን ሲመልሱ «የመለኪያው መብራት እኮ መጀመሪያ ከተነሣንበት ቀን ጀምሮ ሞልቷል ነው የሚለው፤ ታዲያ መቼ እንመነው?» አሉኝ። ትክክል ናቸው። ክርክሬም ከዚህ ይጀምራል።

በአብዛኞቹ አርቪዎች ላይ ከፋብሪካ የሚመጣው መለኪያ እንዲህ ነው። በታንከሩ ግድግዳ ላይ ከታች፣ አንድ ሦስተኛው፣ ሁለት ሦስተኛውና ጫፉ ላይ ቀዳዳ ይበሳና የማይዝግ የብረት ብሎን ይገባበታል። ውሃ ኮረንቲ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ውሃው ብሎኑ ጋ ሲደርስ መስመሩ ይገናኝና በማዕድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለችው መብራት ትበራለች። ለንጹሕ ውሃ ደህና ያገለግላል። ፍሳሽ ውስጥ ሲገባ ግን የሽንት ቤት ወረቀት፣ ሳሙናና ስብ ብሎኑ ላይ ይጣበቃል። እርጥብ ቆሻሻም ኮረንቲ ያስተላልፋልና ታንከሩ ተራግፎም መብራቷ አትጠፋም። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ፋብሪካዎቹም ያውቃሉ። ርካሽ ስለሆነ ብቻ ዛሬም እየበሱ ያስገቡታል።

የእኛ ሰው የተከራየው መኪና ሲመለስ ደግሞ የራሱ የሆነ ነገር አለው። ባለፈው የእጣቢውን ብሎን ፈትቼ ሳወጣ ጫፉ ላይ የረጋ ቅቤ ነበር፤ በቅቤው ውስጥ የበርበሬ ደቃቅ፣ ከሥሩ ደግሞ ጥቁር የቡና አተላ። በጥፍሬ ስፍቀው በንብርብር ተነሣ። የዶሮ ወጥ ድስት በሙቅ ውሃ ሲታጠብ ቅቤው ቀልጦ ይወርዳል፣ ተራራው ላይ ሌሊት ሲበርድ ታንከሩ ውስጥ ይረጋል። አተላው ከሥር ይዘቅጣል፣ በቀጣዩ ቀን ቁልቁለት ሲነዳ ተበጥብጦ ቅቤው ላይ ይለጠፋል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ከሲሚንቶ አይተናነሱም።

ቡና አታፍሉ ልል አይደለም። አንዲት እናት ስለ አተላው ሳነሣባቸው «ልጄ፣ ቡና ሳይፈላማ ምኑን ሽርሽር ሆነ!» ብለው አፌን አስያዙኝ። አተላውን በላስቲክ ቋጥሮ ከቆሻሻ ጋር መጣል፣ ድስቱን ከማጠብ በፊት በወረቀት መጥረግ ይበቃል። ሜዳ ላይ መድፋቱ ግን አይሆንም፤ በፓርኩ ውስጥ ክልክል ነው። የሽንት ቤቱን ታንከር በተመለከተ ደግሞ የማፍሰሻውን መክፈቻ ዘግቶ ማቆየትና ከግማሽ በላይ ሲሆን ባንድ ጊዜ ማፍሰስ ነው። ክፍቱን ከተተወ ፈሳሹ ይሄድና ደረቁ ተከምሮ ይቀራል፤ ያን ማስለቀቅ የእኔ ሥራ ነውና እባካችሁ። ማፍሰሻ ጣቢያ ስትደርሱ መጀመሪያ የሽንት ቤቱን፣ ቀጥሎ የእጣቢውን ልቀቁ፤ እጣቢው ቱቦውን ያጥብላችኋል።

ከውጭ የሚለካ መሣሪያ ከተሠራ ቆይቷል። በታንከሩ የውጭ ግድግዳ ላይ ከታች እስከ ላይ እንደ ፕላስተር የሚለጠፍ ስስ ነገር ነው፤ ፍሳሹን አይነካም። የሚሠራው ውሃና አየር በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ባላቸው ጠባይ ልዩነት ነው። አየር 1 ቢባል ውሃ 80 ግድም ነው፤ የታንከሩ ፕላስቲክ ከ2 እስከ 3 ቢሆን ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ ስለሆነ በግድግዳው ውስጥ አልፎ ውሃው የት እንደደረሰ መለየት ይችላል፤ የሚያሳየውም በአራት መብራት ሳይሆን በመቶኛ ነው። እንከን የለውም አልልም። በብረት ታንከር ላይ አይሠራም፤ ውስጡ በወፍራሙ ከተጋገረም ይሳሳታል። ከብሎኑ ጋር ግን አይወዳደርም።

የአከራዮች መልስ አንድ ነው፤ ውድ ነው። ለሦስቱም ታንከሮች የሚሆነው ጥቂት መቶ ዶላር ያወጣል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር የወጣበት መኪና ላይ፣ ለቴሌቪዥንና ለሚያብረቀርቅ መብራት የሚከፈለው አይቆጨንም፤ ለፍሳሽ መለኪያ ሲሆን ግን እጃችን ይታሰራል። መግጠም የማይፈልግ አከራይ ቢያንስ የሚዋሸውን መብራት ነቅሎ ይጣለው። መለኪያ የሌለው ሰው በባትሪ መብራት አጎንብሶ ሽንት ቤቱን ያያል፣ ከንጹሑ የጎደለውን አስልቶ ወደ ፍሳሹ የገባውን ይገምታል፤ ባጭሩ ይጠነቀቃል። ሁልጊዜ «ሞልቷል» የሚል መብራት ያለው ሰው ግን መብራቱን መናቅ ይለምዳል፤ የእውነት የሞላ ቀንም ያው መብራት ነው የሚበራው።

ይህን ሁሉ ለአዲስ አበባ አንባቢ የምጽፈው አርቪ ግዙ ለማለት አይደለም። ታናሽ ወንድሜ አያት አካባቢ ቤት ሠርቷል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጣሪያው ላይ ትልቅ ሮቶ አስቀምጧል፤ ምን ያህል ውሃ እንዳለው ሥራ ቦታው ተቀምጦ በስልኩ ያያል። ባለፈው ስሄድ በኩራት አሳየኝ፤ ደስ ይላል። ከዚያ «ሴፕቲክ ታንኩስ?» አልኩት። ግቢውን በእግሩ ጠቆም አድርጎ «እዚህ ጋ ነው መሰለኝ» አለ። ክዳኑ ከሴራሚኩ ሥር ተቀብሯል። አምና ሞልቶ ሲገነፍል የመጣጩ መኪና ሠራተኞች ቦታውን እስኪያገኙ ድረስ ሴራሚኩን ሲሰብሩ ውለዋል። ተመጠጠ፣ ተደፈነ፣ በአዲስ ሴራሚክ ተሸፈነ፤ መልሶ ተቀበረ።

ወንድሜን ብቻ ለይቼ አልወቅስም፤ የጎረቤቶቹም እንደዚያው ነው። በከተማዋ ብዙ ቤቶች ከፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኙም፤ እያንዳንዱ ቤት ፍሳሹን በገዛ ግቢው ቀብሮ ነው የሚኖረው። የሚጠራቀመውን የሚያይ ግን የለም፤ የሚታወቀው ሽታው ሲመጣ ወይም የሽንት ቤቱ ውሃ አልወርድ ሲል ነው። የከተማዋ የመጠጥ ውሃ ከፊሉ ከአቃቂ ጉድጓዶች እንደሚወጣ፣ አቃቂም ከከተማዋ ግርጌ እንዳለ ማንም ያውቃል። የፍሳሽ ጉድጓድ የራስ ግቢ ውስጥ ቢሆንም ጉዳዩ የራስ ብቻ አይደለም።

እዚህ ቨርጂኒያ ገጠር ውስጥም በየቤቱ ሴፕቲክ ታንክ አለ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ቢያንስ በየ3 ዓመቱ እንዲፈተሽ፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ እንዲመጠጥ ይመክራል። ፍተሻው የሚያስደንቅ ጥበብ የለውም፤ ጫፉ ላይ ነጭ ጨርቅ የተጠቀለለበት ረጅም ዘንግ እስከ ሥሩ ይሰደዳል፣ ጥቂት ቆይቶ ይወጣል። ጨርቁ ላይ የጠቆረው ክፍል የዘቀጠው አተላ ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል። ከፈሳሹ ጥልቀት ሩቡን ካለፈ መጣጭ ይጠራል። ባትሪ የለው፣ ኔትወርክ አይፈልግ።

ለወንድሜ ያልኩትን ቤት እየሠራ ላለ ሁሉ እላለሁ። ክዳኑ ከመቀበሩ በፊት ዘንግ የሚያስገባ፣ ወፈር ያለ የፕላስቲክ ቱቦ ቀጥ ብሎ እስከ ግቢው ወለል ይውጣ፤ አፉ ላይ የሚጠመዘዝ ክዳን ይኑረው። ቤቱን ለሚረከብ ባለቤት ቦታው በፕላን ላይ ተመልክቶ ይሰጠው። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጡ ሰዎችም ስለ አጥር ቁመት የሚጠይቁትን ያህል ስለዚህ ቱቦ ይጠይቁ። ወንድሜ «የግቢው መልክ ይበላሻል» አለኝ። ሴራሚክ የሚያነጥፈው ሰው ቱቦው ላይ የምትመጣውን አንዷን ብቻ ሲሚንቶ ሳያስነካት ቢያስቀምጣት ማንም አይለያትም፤ ሲፈለግ በቢላዋ ጫፍ ትነሣለች።